ሙያ በልብ ብቻ ነውን?

«ሙያ በልብ ነው» እየተባልን ነው ያደግነው። አባባሉ የተነገረው ጉራን ለመኮነን ነው፤ የሚያውቅ ሰው ዕውቀቱን በየአደባባዩ አይነዛም፣ ሥራው ራሱ ይመሰክርለታል ለማለት። በዚህ ትርጉሙ ከአባባሉ ጋር ጠብ የለኝም። ነገር ግን ይህንኑ አባባል ለሌላ ጉዳይ፣ ይኸውም ለዝምታዬ መሸፈኛ ስጠቀምበት ራሴን ያዝሁት። ሰበቡ የሰማው ሁሉ ሊስቅበት የሚችል ትንሽ ነገር ነው፤ የስድስት ቁልፎች ነገር። ጥያቄው ግን ትንሽ ሆኖ አላገኘሁትምና፣ አንባቢ ቢታገሠኝ ከመነሻው ላጫውተው።

የምተዳደረው ለሕፃናት መጻሕፍት ሥዕል በመሣል ነው። ድሮ በእርሳስና በቀለም እሠራ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን አብዛኛውን ሥራዬን የምሠራው የሥዕል ታብሌት በሚባለው መሣሪያ ነው። ላላየው አንባቢ፣ ይህ መሣሪያ ከኮምፒዩተር ጋር በገመድ የሚገናኝ፣ የደብተር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ከሰሌዳው ጋር አንድ ብዕር ይመጣል። ብዕሩ ቀለም የለውም፤ የእኔው ባትሪም የለውም። ከሰሌዳው ሥር የተዘረጋው የቀጫጭን ሽቦ መረብ በሚፈጥረው የኤሌክትሮማግኔት መስክ ኃይል ያገኛል፤ መረቡም በተራው ብዕሩ የት እንዳለና እጄ ምን ያህል እንደተጫነው ያውቃል። በሰሌዳው ግራ ጠርዝ ስድስት ቁልፎች ተደርድረዋል። የሠዓሊው ቀኝ እጅ ብዕር ስለያዘ፣ በግራ እጁ እነዚህን ቁልፎች እየተጫነ የተሳሳተውን መሥመር ይሰርዛል፣ ብሩሹን ያወፍራል፣ ሥዕሉን ያዞራል። ያለ ቁልፎቹ መሣል አይቻልም አይባልም፤ ግን በየደቂቃው ብዕር እያስቀመጡ የፊደል ገበታ መፈለግ ይሆናል። ሐሳብ የሚበተነው ያን ጊዜ ነው።

ኮምፒዩተሬ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው፣ ከዚያ ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ያሳደጉት፣ ማንም ሰው በነፃ የሚወስደው፣ ውስጡንም ከፍቶ የሚያየው ሥርዓት ነው። እውነቱን ለመናገር ሊኑክስን የመረጥሁት ለፍልስፍና ብዬ አልነበረም። ገንዘብ ስለማይጠየቅበት ነው። የምሣልበት ክሪታ የተባለው ፕሮግራምም እንዲሁ በነፃ የሚገኝ ነው።

ታብሌቷን በገዛሁ ሰሞን ቁልፎቹን በየተግባራቸው ለመመደብ ተነሣሁ። ያኔ ይህ የሚደረገው በጽሑፍ በሚሰጥ ትእዛዝ ነበር፤ «ቁልፍ 1 ይህን ያድርግ፣ ቁልፍ 2 ያን ያድርግ» እየተባለ። ሦስቱ ቁልፎች እሺ አሉ። አራተኛው ግን አሻፈረኝ አለ። ሁለት ምሽት ከታገልሁ በኋላ ምስጢሩ ተገለጠልኝ፤ ለካስ የአራተኛው ቁልፍ ቁጥር 4 ሳይሆን 8 ነው! አምስተኛው 9፣ ስድስተኛው 10 ነው። ለዚህ እብደት ለሚመስል አቆጣጠር ምክንያት አለው። በሊኑክስ ገጽ ላይ መስኮቶችን የሚያስተዳድረው ኤክስ የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ ሲፈጠር ማውስ ጎማ አልነበረውም። በኋላ ጎማ ያለው ማውስ ሲመጣ፣ ጎማውን ወደ ላይ ማዞር እንደ ቁልፍ 4፣ ወደ ታች ማዞር እንደ ቁልፍ 5 ተቆጠረ፤ 6 እና 7 ደግሞ ወደ ጎን ለመሄድ ተያዙ። አራቱ ቁጥሮች በዚህ ሁኔታ ባለቤት ስላገኙ የታብሌት ቁልፎች ከ3 ወደ 8 ዘለሉ። ስሕተት የመሰለኝ ነገር የአንድ ዘመን ችግር መፍትሔ ኖሯል። ይህን ያወቅሁት በራሴ ብልኃት አይደለም፤ ከእኔ በፊት ተቸግሮ ያወቀውን ጽፎ ካስቀመጠ፣ ስሙን እንኳ ልብ ብዬ ካላነበብሁት ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል በሰላም ሠራሁ። አንድ ቀን ሥርዓቱን ወደ አዲሱ እትም አሳደግሁት። በማግሥቱ ስድስቱም ቁልፎች ዝም አሉ። ብዕሩ ይሥላል፤ ቁልፎቹ ሬሳ ናቸው።

የመጀመሪያው ሐሳቤ «ዕቃው ተበላሸ» የሚል ነበር። ሁለተኛው ሐሳቤ «እነዚህ በነፃ የሚሠሩ ሰዎች ምን ይታመናሉ» የሚል ነበር፤ አምስት ሳንቲም ያልከፈልሁባቸውን ሰዎች ማለቴ ነው። ቁጣው ሲበርድልኝ መፈተሽ ጀመርሁ። ከቁልፉ እስከ ሥዕሉ ያለው መንገድ ቅብብሎሽ ነው። ከርነል የሚባለው የሥርዓቱ አስኳል በገመዱ የመጣውን ምልክት ይቀበልና ሊብኢንፑት ለሚባለው ክፍል ያቀብላል፤ እርሱ ገጹን ለሚያስተዳድረው ፕሮግራም ያደርሳል፤ ያ ደግሞ ለክሪታ። ከእነዚህ አንዱ መልእክቱን ከጣለው፣ ከወዲህ ማዶ ላለ ሰው ቁልፉ የሞተ ይመስለዋል። ኢቭቴስት የሚባል፣ ከርነሉ የሚሰማውን ሁሉ እየጻፈ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም አለ። እርሱን ከፍቼ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫንሁ። ስድስቱም ተናገሩ። ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ሰሚ ነው ያጣው።

ሰሚው የት እንደጠፋ ለማወቅ ሁለት ተጨማሪ ምሽት ፈጀብኝ። አዲሱ እትም አሮጌውን ኤክስ ትቶ ዌይላንድ ወደሚባለው ሥርዓት ተዛውሯል። የድሮ ትእዛዜ ለኤክስ የተጻፈ ስለነበር ዌይላንድ አይሰማውም፤ በዌይላንድ ቁልፍ የመመደብ ሥልጣን የገጹ አስተዳዳሪ ነው። እርሱ ደግሞ ሊብዋኮም ከሚባል መዝገብ ሳያጣቅስ አይሠራም። በመዝገቡ ለእያንዳንዱ የታብሌት ዓይነት አንድ አጭር የጽሑፍ ፋይል አለ። ፋይሉ የታብሌቷን ስም፣ የመለያ ቁጥር፣ ስፋትና የቁልፎቿን ብዛት፣ በየትኛው ጎን እንደሆኑም ይናገራል። ስሙ የዋኮም ኩባንያን ቢመስልም መዝገቡ የሌሎችንም ይቀበላል። የእኔዋ ታብሌት ግን አልተመዘገበችም። በአካል ቀበሌ ቀርቦ «አለሁ» ሲል «ስምህ መዝገቡ ላይ የለም» እንደሚባል ሰው ሆናለች።

መፍትሔው ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር። የምትመሳሰላትን ታብሌት ፋይል ገልብጬ ስሙን፣ የመለያ ቁጥሩን፣ የቁልፎቹን ብዛት በእኔዋ ተካሁ። ከአሥራ አምስት መሥመር አይበልጥም። በቦታው አስቀምጬ፣ መዝገቡን አድሼ፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት። ስድስቱም ቁልፎች ከእንቅልፋቸው ነቁ። ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ነበር፤ ብቻዬን ሳቅሁ።

ጥያቄዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ያችን የአሥራ አምስት መሥመር ፋይል ለመዝገቡ ጠባቂዎች መላክ እችል ነበር። ቢቀበሉኝ በሚቀጥለው እትም ታብሌቷ በዓለም ዙሪያ በማንኛውም ሊኑክስ ላይ ስትሰካ ትታወቃለች። የሚወስድብኝ ቢበዛ አንድ ምሽት ነው። «ነገ እልካለሁ» አልሁ። ነገ ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ወር፤ ወሩ አምስት ወር። በመካከሉ ሐሳቡ ሲመጣብኝ «ደግሞ ለዚች ትንሽ ነገር! ሙያ በልብ ነው» እያልሁ እሸኘው ነበር።

በአምስተኛው ወር ለአንድ መጽሐፍ ሥራ ከአንዲት ወጣት ሠዓሊ ጋር ተገናኘን። ቤት መጥታ ሥራዬን ስታይ ዓይኗ ታብሌቷ ላይ ተተከለ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ቁልፎች ይሠራሉ?» አለችኝ።

«ይሠራሉ። ምነው?»

እርሷም እንዲህ ያለች ነበራት፤ በመጀመሪያ የሥዕል ክፍያዋ የገዛቻት። ጭን ኮምፒዩተሯ አሮጌ ስለሆነ ሊኑክስ ነው የምትጠቀመው። ቁልፎቹ ስላልሠሩላት ሻጩ ያታለላት መስሏት ነበር። በግማሽ ዋጋ ሸጠቻት። ነገሩን አስረዳኋት፤ ፋይሉንም ከፍቼ አሳየኋት። አንድ በአንድ አነበበችው።

«ይቺ ብቻ ናት?»

«ይቺ ብቻ ናት።»

«መቼ አወቁት?»

«አምስት ወር ይሆነኛል።»

«እኔ የሸጥኋት ባለፈው ወር ነው» አለች። አልተቆጣችም። ፋይሉን ዘግታ ወደ መጽሐፉ ሥራ ተመለሰች። እኔ ግን ያን ቀን ወደ ሥራው መመለስ አልቻልሁም።

በድያታለሁን? ጠበቃ ሆኜ ለራሴ ልከራከር። አላውቃትም ነበር። ባውቃት ኖሮ ቤቷ ድረስ ሄጄ ባስተካከልሁላት። ያልሰጠሁት የራሴን ድካም ነው እንጂ የእርሷን ገንዘብ አልነካሁም። ሰው ለማያውቀው ሰው፣ ባልተጠየቀው ነገር ተጠያቂ ከሆነ የማንም ሕሊና እንቅልፍ አይወስደው።

መከራከሪያው ጥሩ ነው። ነገር ግን ወደ ኋላ ስመልሰው እኔኑ ይጥለኛል። የቁልፍ 4ን ምስጢር የጻፈልኝ ሰው አያውቀኝም ነበር። ኢቭቴስትን የሠራው፣ ሊብዋኮምን የሚጠብቁት፣ ገልብጬ የሠራሁበትን ፋይል የጻፈው አያውቁኝም። ዲጂሜንድ በሚባለው ውጥን ስማቸው ላልገነነ ታብሌቶች ነጂ ፕሮግራም ሲሠሩ የኖሩት ሰዎች አያውቁኝም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሬቮይ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ «ፔፐር ኤንድ ካሮት» የተሰኘውን የሥዕል ታሪኩን በክሪታ እየሠራ፣ ሥዕሎቹን ከነምንጭ ፋይላቸው ለማንም ሲለግስ፣ አዲስ አበባ ተቀምጬ ብሩሽ አያያዝ እማርበታለሁ ብሎ አላሰበም። ሰው የሚገደደው ለሚያውቀው ብቻ ቢሆን ኖሮ ለእኔ ማንም ባልተገደደ ነበር፤ ቁልፎቼም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዲዳ በሆኑ ነበር። አለመተዋወቅን ስቀበል ረስቼው፣ ስሰጥ አስታወስሁት።

ወደ ሕጉ ልሂድ። አብዛኛው የዚህ ዓለም ሥራ የሚተዳደርባቸው የነፃ ሶፍትዌር ፈቃዶች፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውና ጂፒኤል የሚባለው ጥብቁ እንኳ፣ በቤቴ ያሻሻልሁትን ለሌላ ስጥ አይሉኝም። የጂፒኤል ግዴታ የሚመጣው ፕሮግራሙን ለሌላ ሳከፋፍል ነው፤ ያን ጊዜ ምንጩን አልደብቅም። ለራሴ ብቻ ብጠቀምበት ከሳሽ የለብኝም። ስለዚህ ሕግ ነፃ አውጥቶኛል። ሆኖም ከተከሳሽነት ነፃ መውጣት አንድ ነገር ነው፤ የልጅቷን ዓይን ማየት ሌላ ነው።

ሌላም ክርክር አለ፤ ጠንከር ያለው ይህ ይመስለኛል። «የሰጡህ በነፃ ነው። ስጦታ መልስ የሚጠይቅ ከሆነ ብድር እንጂ ስጦታ አይደለም። ስለዚህ ምንም ዕዳ የለብህም።» እውነት ነው፤ ከሰጡኝ አንዱም መልስ አልጠየቀኝም። ግን በአገራችን ደቦ የምንለውን እናስብ። ጎረቤቶቹ አጭደውለት፣ በእነርሱ ተራ ጊዜ ቤቱን ዘግቶ የሚውል ገበሬ ሕግ ጥሷል አይባልም። ሆኖም ስም ይወጣለታል፤ ሁለተኛም አይጠራም። ደቦ የሚቆመው በመተዋወቅ ነው፤ ቀሪው ይታወቃል። ይኸኛው ደቦ ግን ድንበርም ስምም የለውም። ቢቀሩበት የሚያይ የለም፤ ስም የሚያወጣም የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ከሃምሳው አንዱ ሎሚውን ኪሱ ከትቶ ቢቀር ማን ይቆጥራል? እንግዲህ የሚቆጥረው የራሱ ሕሊና ብቻ ነው። ታዛቢ በሌለበት የሚደረግ ነገር ሰውን ይበልጥ ይፈትነዋል እንጂ ነፃ አያወጣውም።

በዚህ ዓለም ታሪክ በሰፊው የሚነገር አንድ ገጠመኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ሪቻርድ ስቶልማን በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ቤተ ሙከራ ይሠራ ነበር። የቤተ ሙከራው የቀድሞ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ፣ ማተም ለሚጠባበቁት ሁሉ እንዲነግራቸው አድርገው ፕሮግራሙን አሻሽለውት ነበር። አዲሱ ከዜሮክስ የመጣው ፕሪንተር ግን የፕሮግራሙ ምንጭ አልተሰጠውም፤ ስለዚህ ማሻሻል አልተቻለም። ምንጩ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በአንድ ሰው እጅ እንዳለ ስቶልማን ሰማና ሄዶ ጠየቀው። ሰውዬው «ለማንም ላልሰጥ ቃል ገብቻለሁ» ብሎ እምቢ አለው። ስቶልማን በኋላ ሲያስረዳ፣ ያ ሰው የከለከለው እርሱን ብቻ ሳይሆን ገና ያልተወለዱትን ጭምር እንደሆነ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1983 የነፃ ሶፍትዌርን ውጥን ሲያውጅ ያ እምቢታ ከኋላው ነበር። ይህን ታሪክ ቀድሞ ሳነብ በሰውዬው ላይ እፈርድ ነበር። አሁን ሳስበው፣ እርሱ ቢያንስ ቃል አስገብተውታል፤ የሚጠብቀው ቃል ነበረው። እኔን ማን ቃል አስገባኝ?

ዕውቀትን ሸሽጎ መያዝ ሁሉ ክፉ ነው ለማለት አይቃጣኝም። ዕቃ ስናስጠግን ጀርባውን ሰጥቶን የሚሠራ ባለሙያ አይተናል። ያወቀውን ሥር ለልጁ ሳይነግር የሚሞት መድኃኒት አዋቂም ሰምተናል። እናማርራቸዋለን፤ ነገር ግን ምስጢሩ እንጀራቸው ነው። ሌላ ርስት የሌለው ሰው ያለችውን አንዲት ርስት ቢያጥር ልፈርድበት አልደፍርም። መለያው ይህ ይመስለኛል፤ ስሰጠው ከገበታዬ የሚጎድል ነገር አለን? የእኔዋ ፋይል እንጀራዬ አልነበረችም። ብሰጣት አንዲት ሥዕል አይቀንስብኝም፤ ባልሰጣት አንዲት አትጨምርልኝም። አጥሬ የያዝሁት ርስት ሳይሆን የሌሎች ማለፊያ ነበር።

ታዲያ ለምን ዝም አልሁ? ስንፍና ብቻ ቢሆን በቀለለኝ። ግማሹ ፍርሃት ነው። እንግሊዝኛዬ የተሰባበረ ነው፤ የፕሮግራም ሰው አይደለሁም፤ አንድ አዋቂ «ይህን ማን ጻፈው?» ቢል በማላውቃቸው ሰዎች ፊት አፍራለሁ ብዬ ሰጋሁ። ግማሹን መናገር የበለጠ ያሳፍረኛል። ያችን ፋይል እኔ ብቻ ማወቄ ደስ ይለኝ ነበር። ጣፋጭ ነገር ነው፤ ለማንም ሳይናገሩ ራስን አዋቂ ማድረግ። «ሙያ በልብ ነው» የምለው ለዚህ ኖሯል። አባባሉ የሚኮንነው ጉረኛውን ነው፤ ነገር ግን ጉረኛውና ሸሻጊው የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ያኔ አየሁ። ሁለቱም ዕውቀቱ የግላቸው ይመስላቸዋል፤ አንዱ ያሳየዋል፣ አንዱ ይደብቀዋል። ከአሥራ አምስቱ መሥመር የእኔ የሆነው ሦስቱ ቢሆን ነው፤ ሌላው የተገለበጠ ነው።

ይህን ጽሑፍ ስጽፍ እንኳ በእጄ ያለው ምንድን ነው? የአማርኛ ፊደል። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት ሰንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። በላቲን የፊደል ገበታ ላይ ሁለት ቁልፍ ተጭኖ አንድ ፊደላችንን ማውጣት የሚቻልበትን ሴራ የተሰኘ ዘዴ፣ እነ ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ ቀምረውልናል። ያም የቁልፍ ምደባ ነው፤ የትኛው ቁልፍ ምን ይበል የሚል ጥያቄ። መልሱን በልባቸው ይዘውት ቢቀሩ ኖሮ እኔ ይህን በአማርኛ እጽፍ እንደነበር እጠራጠራለሁ።

ልጅቷ በሄደች ማታ ፋይሉን ላክሁት። የፈራሁት ነገር አልደረሰም። ከቀናት በኋላ የመጣው መልስ አጭርና ትሑት ነበር፤ ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ ቆጥሬያቸው ኖሮ፣ ከላይ ወደ ታች እንድቆጥራቸው ጠየቀኝ። አስተካክዬ መለስሁ፤ ተቀበሉት። በአምስት ወር ያልሠራሁት ነገር የአርባ ደቂቃ ሥራ ነበር።

ለልጅቷ ግን የመለሰላት ነገር የለም። ታብሌቷ ሌላ ሰው ቤት ናት። በመላኬ ዕዳዬን ከፈልሁ ብዬም አላምንም፤ ምናልባት ለሚመጣው ሰው ከፍዬ ይሆናል እንጂ ላለፈው አይደለም። የዘገየ ደግነት የሚደርሰው ለሌላ ሰው ነው።

ባለፈው ሰሞን ደውላልኝ ነበር። ትንሽ ገንዘብ አጠራቅማለች፤ የትኛውን ዓይነት ብገዛ ይሻላል ብላ ጠየቀችኝ። ያቺኑ የድሮዋን ዓይነት፣ ዋጋዋም እንደማይከብድ ነገርኋት።

«ቁልፎቹስ፣ ጋሼ?»

«አሁን ስሟ መዝገቡ ላይ አለ» አልኋት።